ስዕል የልጅ ሥራ ነው ያለው ማን ነው?

በአገራችን ጎልማሳ ሰው አዲስ ነገር ልጀምር ሲል የሚፈቀድለትም የማይፈቀድለትም አለ። በአርባ ዓመቱ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ቢመዘገብ «ጎሽ!» ይባላል። ኮምፒውተር ልልመድ፣ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል፣ የማታ ዲግሪዬን ልጨርስ ቢል የሚያበረታታው አያጣም። ያው ሰው ግን እርሳስና ላጲስ ገዝቶ «ስዕል እየተማርኩ ነው» ቢል የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ለልጅህ ነው?» የሚል ነው። ለራሱ መሆኑን ሲናገር ሁለተኛው ይከተላል፤ «እና ምን ያደርግልሃል?»

ጥያቄው ክፋት የለውም። ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ ለማይበላ ነገር ጊዜውን የሚሰጥ ሰው ያስገርማል። ነገር ግን ከጥያቄው ጀርባ ሁለት እምነቶች አሉ። አንደኛው፣ ስዕል ይዘውት የሚወለዱት ተሰጥኦ እንጂ የሚማሩት ነገር አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘብ የማያመጣ ችሎታ ሁሉ የልጅ ጨዋታ ነው የሚል ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ልክ አለመሆናቸው ደግሞ እንደ ሰሜን ወሎ ብዙ ነገር በጠፋበት አካባቢ ዋጋ ያስከፍላል።

መርሳን እንውሰድ። የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከወልድያ በስተደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ በሚመጣው አስፋልት ላይ። መንገደኛ በማንጎዋ ያውቃታል። እዚያ የሚኖር አንድ የሒሳብ መምህር አለ፤ ስሙ ይቅር። ዕድሜው 43 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብና ሦስት ማዕዘን ሲሠራ ኖሯል፤ ከዚያ ውጪ ግን ዶሮ እንኳ ስሎ አያውቅም ነበር።

ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሰሜን ወሎ ሲዘልቅ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደሴ ወጣ፤ ደሴም ስትሰጋ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ። በ2014 ዓ.ም. ጥር ሲመለስ ቤቱ ቆሟል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ፍራሹም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ለዓመት የተቀመጠው እህልም የለም። እነዚህ ቀስ በቀስ ተተኩ። ያልተተካው አንድ ነገር ነው።

እናቱ በ2008 ዓ.ም. አርፈዋል። በሕይወት ዘመናቸው የተነሱት ፎቶ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ ደሴ ፎቶ ቤት ቆመው የተነሱት፣ ሌላው የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው ጉርድ። ሁለቱም ከአልበሙ ጋር ጠፉ። ቅጂው የነበረበት ሞባይልም በስደቱ መንገድ ላይ ቀረ። ከቀበሌው የድሮ ፋይል ይገኝ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ መዝገብ ቤቱ ራሱ ተበትኖ ነበር።

ሰው ሁሉ «አብሽር፣ ሕይወት ተርፏል» አለው። እውነት ነው፤ ሕይወት ተርፏል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ትንሿ ልጁ «አያቴ ምን ትመስል ነበር?» ብላ ጠየቀችው። ጠይም ናት፣ ረዘም ትላለች፣ ሻሽ ታስራለች ብሎ ጀመረና ቆመ። ይህ መልክ የግማሽ ወሎ እናት መልክ ነው። የሚያውቀውን ፊት በቃል ማስረዳት አልቻለም። ያን ቀን ማታ ከአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ሊሥላቸው ሞከረ። የወጣው ነገር ሻሽ ያሰረ ድንች ነበር።

*

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል፤ «እጄ አይታዘዝም» ይላል። እጅ ግን የሚወቀስበት ምክንያት ትንሽ ነው። ፊደል የቆጠረ ኢትዮጵያዊ በስድስትና በሰባት ዓመቱ 33 ፊደላትን በሰባት በሰባት መልክ፣ በድምሩ 231 ቅርጾችን፣ ለይቶ አይቶ በእጁ አውጥቷል። «ሰ»ን ከ«ሸ» የሚለያት አናቷ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት። ይህን ለይቶ የሚጽፍ እጅ የጀበና አፍ መሥራት አያቅተውም። የሰለጠነ እጅ ሁላችንም አለን።

ያልሰለጠነው ዓይን ነው። ዕለት ዕለት ስናይ የምንውለው ለመለየት እንጂ ለማየት አይደለም። በር ነው፣ ባጃጅ ነው፣ ሰው ነው ብለን እናልፋለን። አእምሮም ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ምልክት ያስቀምጥልናል፤ ለዓይን ዓሣ መሳይ ቅርጽ፣ ለፀሐይ ጨረር ያለው ክብ። እርሳስ ስናነሳ ፊት ለፊታችን ያለውን ትተን ያንን ምልክት እንገለብጣለን። አሜሪካዊቷ የስዕል መምህርት ቤቲ ኤድዋርድስ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ዝነኛ ያደረገችው መልመጃ ይህንን ለመስበር የታሰበ ነው፤ የሚገለበጠውን ስዕል ወደ ታች ዘቅዝቆ ማስቀመጥ። የተዘቀዘቀ አፍንጫ አፍንጫ መሆኑ ስለሚጠፋን ምልክቱን መገልበጥ አንችልም፤ የግድ መስመሩን እናያለን። የጀማሪው ስዕል ቀጥ አድርጎ ከሠራው ይልቅ ዘቅዝቆ የሠራው ይሻላል ትላለች።

የመርሳው መምህር ይህን ያገኘው በሚያውቀው መንገድ፣ በልኬት ነው። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሞ የራሱን ፊት በማስመሪያ ለካ። ዓይኑ ከአናቱና ከአገጩ እኩል ርቀት ላይ፣ መሐል ለመሐል ሆኖ አገኘው። እሱ ደግሞ እንደ ጀማሪ ሁሉ ዓይንን ወደ ግንባር አስጠግቶ ነበር ሲሠራ የከረመው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ክፍተት አንድ ዓይን ያህል ነው። ስለ ሬሾ ያንን ሁሉ ዓመት አስተምሯል፤ አንገቱ ላይ ተሸክሞት የሚዞረውን ሬሾ ግን ለክቶት አያውቅም ነበር።

ሁለተኛ አስተማሪው የጎረቤት ልጅ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ይህ ልጅ ደብተሩ ላይ ፈረስም መኪናም እንደ ልቡ ያወጣል። መምህሩ ለብዙ ሳምንታት ሥራውን ከልጁ ደበቀ። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ያውም መምህር፣ በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ፊት አለማወቁን ማሳየት ቀላል አይደለም። በመጨረሻ አሳየው። ልጁ አልሳቀም። ወረቀቱን ዞር ዞር አድርጎ አየና «ቲቸር፣ እያዩት እኮ አይደለም፤ እያሰቡት ነው» አለው።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ተቀመጡ። ልጁ ያሳየው ነገር ሠዓሊዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው፤ ክንድን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣት መካከል ርዝመትን መለካት። ጀበና ሲሥሉ እጀታውን ትቶ በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ መሣል፤ ክፍቱ ቦታ ልክ ከሆነ እጀታው በራሱ ልክ ይሆናል። ወረቀቱን ትንሽ፣ ሰውየውን ብዙ ማየት። የስዕል ወረቀት ከተማው ውስጥ ሲጠፋ የፈተና ወረቀት ጀርባ ይበቃል። ለስላሳ እርሳስ ከደሴ እስኪመጣ ከምድጃ የወጣ ከሰል ጥላ ለመሥራት ከእርሳስም ይሻላል።

መምህሩ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ወደ ክፍሉ ይዞ ገባ። ድሮ ለሰነፍ ተማሪ «ይህማ ቀላል ነው እኮ» ይል ነበር። አሁን አይልም። ቀላል የተባለውን ነገር አለመቻል ምን እንደሚመስል እሱም አይቶታል። ጀማሪ ሆኖ የከረመ አስተማሪ የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

*

ለጎልማሳ ስዕል ለምን ይከብዳል? ልጅ የሠራውን ድንች አይቶ «እናቴ ናት» ይላል፤ ያምንበታልም። ጎልማሳ ግን ጥሩ ስዕል ምን እንደሚመስል ያውቃል። ዓይኑ የሚፈርደው ሠላሳ ዓመት በተጠራቀመ ዕውቀት ነው፤ እጁ ደግሞ ያቆመው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ያሳፍራል። የሚያስቆመው ይህ ኀፍረት እንጂ የተሰጥኦ ማጣት አይደለም።

ኀፍረቱን አልፈው የሄዱ ግን አሉ። ቪንሰንት ቫን ጎህ ሠዓሊ ልሁን ብሎ የወሰነው በ1880 እ.ኤ.አ.፣ በ27 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት የስዕል ነጋዴ ተቀጣሪ ነበር፣ አስተማሪ ነበር፣ ሰባኪ ሊሆንም ሞክሮ አልተሳካለትም። የጀመረውም ለተማሪ ተብሎ የታተመ የመልመጃ ስዕል ደጋግሞ በመገልበጥ ነው። ዊንስተን ቸርችል ብሩሽ የያዘው በ1915 እ.ኤ.አ.፣ በ40 ዓመቱ፣ የዳርዳኔልስ ዘመቻ ከሽፎ ከባሕር ኃይል ሚኒስትርነቱ በተነሳበት ክረምት ነበር። የመጀመሪያ ቀለሙ የልጆች ቀለም ነው። ከዚያ በኋላ እስከ እርጅናው አልተወውም። አንዱ ከዓለም ታላላቅ ሠዓሊዎች ተርታ ተሰለፈ፤ ሌላው ለራሱ ዕረፍት የሚሥል ፖለቲከኛ ሆኖ ቀረ። ሁለቱም ግን የጀመሩት ሌላ ነገር ከከሸፈባቸው በኋላ ነው።

ከሩቅም መሄድ አያስፈልግም። ጎልማሳ ጀማሪን በብዛት ያየች አገር ብትኖር ኢትዮጵያ ናት። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ ልጅ ያዘሉ እናቶችና ሽበት ያወጡ ገበሬዎች እርሳስ ይዘው ሀ ሁ ጀመሩ። ያስተማሯቸው በአብዛኛው የልጆቻቸው እኩዮች ነበሩ። አገሪቱም በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝታለች። ስለ ዘመቻው ፖለቲካ የሚባለው ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን አስተምሮን አልፏል፤ አርባ ዓመት የሞላው እጅ እርሳስ ይለምዳል።

የመርሳው መምህር እናት ከእነዚያ ተማሪዎች አንዷ ነበሩ። እሱ ከእናቱ ፊት ይልቅ አጥርቶ የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው፤ በኩራዝ ብርሃን እርሳሱን እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ጨብጠው፣ ስማቸውን ለመጻፍ ሲታገሉ የነበሩበትን እጅ። ከዚያ በኋላ በጣት አሻራ ፋንታ በፊርማ ሆነ። ያን እጅ ሣለው። ከሥራዎቹ ሁሉ «ይሄ ነው» ብሎ ሳይጠራጠር ያስቀመጠው የመጀመሪያው ይህ ነው።

*

ፊቱ ግን እምቢ አለ። ስለዚህ ወደ ሰዎች ሄደ።

ታላቅ እህቱ ወልድያ ናት። ልጅ ሳለች እናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ጸጉሯን ስትሠራ አንገቷን ቀና አድርጋ የምታየው አገጫቸውን ነበር፤ ከታች ወደ ላይ። አገጫቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ስርጉድ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ኮምቦልቻ ያለው ታናሽ ወንድሙ ታዝሎ ያደገው ዘግይቶ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ማጅራታቸውን፣ ጆሯቸውን፣ ከሻሹ ሥር የሚወጣውን ጸጉር ነው። መምህሩ ሰፌድ ላይ ማሽላ ሲለቅሙ አጠገባቸው ይቀመጥ ስለነበር እጃቸውንና የፊታቸውን አንድ ጎን ያውቃል። ሦስት ልጆች አንድ እናት ነበረቻቸው፤ አንዳቸውም ሙሉ ፊቷን ይዘው አልቀሩም።

አጎታቸው የእናታቸው ወንድም ናቸው፤ እንደ ብዙ የወሎ ቤተሰብ እዚህም ቤት መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም አለ። አጎትየው ሙስሊም ናቸው፤ የሰው ፊት መሣል ደስ አይላቸውም። ነገሩን ሲሰሙ ዝም አሉና «እኔ ፊቷን አትሣል እልሃለሁ። ከሣልክ ግን የአንገቷን ንቅሳት እንዳትረሳ፤ ሦስት መስመር ነው፣ የታችኛው ተቆርጧል» አሉት። መስመሩ ለምን እንደተቆረጠም ነገሩት፤ ነቃሿ መሐል ላይ ሳለች እናታቸው አሟት አልቅሳ ሮጣ ነበር። ይህን ወሬ ከልጆቹ አንዳቸውም ሰምተውት አያውቁም።

ይህን ሁሉ ያስወራው ስዕሉ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ቤተሰቡ ሲገናኝ የሚያወራው ስለ ዋጋ፣ ስለ መንገድ መዘጋት፣ ስለ ሞተ ሰው ነበር። ስለ እናታቸው አንስቶ የተቀመጠ አልነበረም። «አፍንጫዋ እንዴት ነበር?» የምትል ጥያቄ በቀጥታ «አዝነሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የማይቻለውን በር ከፈተች።

ዓመት ተኩል ከሠራ በኋላ አንዱን ወረቀት ለእህቱ አሳያት። ብዙ አየችው። «እሷ አይደለችም» አለች። ከዚያ «አንገቷ ግን የእሷ ነው» አለች። መምህሩ ይህን እንደ ውድቀት አልቆጠረውም። ድንች ከነበረበት አንገት ላይ ደርሷል። አሁን እህቱን ራሷን እያስቀመጠ ይሥላል፤ አንድ ጊዜ ሲቀመጡ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ወንድምና እህት ያለ ስልክ አርባ ደቂቃ ፊት ለፊት ተቀምጠው ከተያዩ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ሁለቱም አያስታውሱም።

*

«ፎቶ እያለ ስዕል ለምን?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ዛሬ እያንዳንዱ ስልክ ውስጥ ሺህ ፎቶ አለ። ፎቶ በአንድ ቅጽበት ይነሳል፣ በአንድ ቅጽበትም ይጠፋል፤ ያነሳው ሰው ደግሞ አይቶት ላይሆን ይችላል። የሣለ ሰው ግን ወረቀቱ ቢቃጠል እንኳ ያየው ነገር ከእሱ ጋር ይቀራል። ንቅሳቱ ሦስት መስመር መሆኑን ከእንግዲህ ማንም አይዘርፈውም።

ወሎ ይህን ነገር ከሌላው በላይ ልታስብበት ይገባታል። ዓለም የወሎን ሰው ፊት ያወቀው በሌላ ሰው ካሜራ ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ የረሃብ ፊልም፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል ቡርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ ብዙ ሕይወት አትርፈዋል፤ ይህ አይካድም። ግን በእነዚያ ምስሎች ውስጥ ያለው ሰው ስም የለውም፤ የተራበ ነው፣ በቃ። በጦርነቱ ጊዜም ወሎ የታየችው በፍርስራሿ ነው።

ሌላ ዓይነት ዕይታ እንዳለ ያሳየን ደግሞ የወልድያው ልጅ ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ናቸው። በ1953 እ.ኤ.አ. ወልድያ ተወልደው፣ በሶቪየት ኅብረት ተምረው፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ማሳያ ስትከፍት ወክሏታል። ታደሰ በስፋት የታወቁበት ተከታታይ ሥራ ስሙ «የሕይወት ምሰሶዎች» እንደማለት ነው፤ የሚያሳየውም የጉልት ሴቶችን ነው። ዕቃቸውን ዘርግተው፣ ረዣዥም ሆነው፣ እንደ ቤተ መቅደስ ዓምድ ቆመዋል። ማንም አላዘነላቸውም፤ ታዩ እንጂ። ከእነዚያ ሴቶች አጠገብ ዕለት ዕለት ቲማቲም እየገዛን እናልፋለን።

አካባቢው ለስዕልም እንግዳ አይደለም። ላስታ ውስጥ ገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ በ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የተሠራው የዐፄ ይኩኖ አምላክ ምስል እስከ ዛሬ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሚማረው ከመምህሩ እየገለበጠ፣ እያበላሸ፣ ደግሞ እየሠራ ነው። በዚያ ትውፊት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጢአተኛ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይሣላል፤ ይህም ቢሆን የሚማሩት ሥርዓት ነው። አባቶቻችን ስዕልን እንደ ትምህርት እንጂ እንደ ተአምር አላዩትም።

እና ምን ይደረግ? በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክዋኔና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ እየተሰጠ እንዳይቀር ወላጅ ይጠይቅ። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የሚውሉ የትምህርት ቤት ክፍሎች መርሳም፣ ወልድያም፣ ውርጌሳም አሉ። አንድ መሣል የሚችል ወጣትና አሥር ጎልማሶች ከተገኙ ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው። በጀት አይጠይቅም፤ ኀፍረትን ማሸነፍ ይጠይቃል።

ልጀምር የሚል ሰው ከቤቱ ሰው ይጀምር። ፊት ከከበደው ከእጅ፣ እጅ ከከበደው ከጀበና። እናቱ በሕይወት ያለችለት ግን ነገ አይበል፤ ቡናዋን ስታፈላ አጠገቧ ይቀመጥና ዛሬውኑ ይያት።